ገጣሚው ያልኖረበት «የራምቦ ቤት»

በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ የድንጋይ ቤቶች ተደጋግፈው በቆሙበት ጠባብ መንገድ፣ አንድ ባለፎቅ የእንጨት ቤት ከጎረቤቶቹ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ከተሜውም አስጎብኚውም «የራምቦ ቤት» ይሉታል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግን አንድም ቀን አላደረበትም። ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሐረር ገባ፤ ሲወጣ ሲመለስ ቆይቶ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ ሞተ። ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያሠራውም ሕንዳዊ ነጋዴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ ሕንዳውያን ነጋዴዎች በከተማዋ ሰፈሩ። ቤት አሠራራቸውንም ይዘው መጡ።

የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር የሚባለው፣ ፊቱን ለግቢው፣ ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል። ጌጡ ሁሉ ውስጥ ነው፦ ደረጃ በደረጃ የተሠራው መደብ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌትና ሳህን። የሕንዱ ቤት ተቃራኒው ነው። ባለአራት ማዕዘን፣ ባለፎቅ፣ በረንዳው መንገዱን ወይም ግቢውን ቁልቁል የሚያይ። በራምቦ ቤትም የተፈለፈለ እንጨት፣ ባለቀለም የመስኮት መስታወትና በሥዕል ያጌጠ ጣሪያ ይታያል። አንዱ ሀብቱን ለቤተኛው ያሳያል፤ ሌላው ለመንገደኛው። ከጊዜ በኋላ ሁለቱን ያዳቀለ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ተወለደ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ ድብልቅነት አንዱ መለያው ነበር።

እዚያው አቅራቢያ ሌላ የሕንዳዊ ነጋዴ ቤት አለ፦ «የራስ ተፈሪ ቤት»። ተፈሪ መኮንን በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት እንደሆነ ይነገራል። ይህ ቤት ከመታደሱ በፊት ብዙ ቤተሰቦች ተጠግተውበት ይኖሩ ነበር። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው።

ሁለቱ ቤቶች ዕድለኞች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ድሃው ተከራይ እፎይ አለ። ነገር ግን በዚያ ኪራይ የበሰበሰ ወለል አይቀየርም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት አናጺ አይጠራም። የእንጨት ቤት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ጣሪያው አንድ ክረምት ካፈሰሰ፣ በሚቀጥለው ምሰሶው ይበሰብሳል።

ከዚህ ዕጣ ሁለቱን ያተረፋቸው የእንጨታቸው ጥራት ብቻ አይደለም። አንዱን የገጣሚ ስም፣ ሌላውን የንጉሥ ስም አቆመው። ያሠሯቸው ነጋዴዎች ግን በቤቶቹ ስም ውስጥ የሉም። ታዋቂ ሰው ያላለፈበት፣ አናጺው ያን ያህል የተጠበበበት ሌላ ቤትስ ማን ይደርስለታል? ቅርስ የሚጠበቀው በእንግዳው ዝና ከሆነ፣ ብዙ ቤት ስም ሳያወጣ ይፈርሳል።