የደቡቡ ፈረሰኛና የጎደለው መዝገብ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከደቡብ ግዛቶች የሚወለዱ ብዙ ቤተ ሰቦች «ቅድመ አያታችን በየትኛው ክፍለ ጦር ዘመተ? እስከ መጨረሻውስ ጸንቶ ነበርን?» ብለው መጠየቅን ዛሬም አልተዉም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን በተቃጠለ፣ በተበተነና እንደገና በተሰበሰበ ወረቀት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ መርማሪው ሰነዱ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያለበትንም ምክንያት መመርመር ይኖርበታል።

የኮንፌዴሬቱ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ሪችመንድ በኤፕሪል 1865 ዓ.ም. ተለቅቃ ስትቃጠል ከመንግሥቱ ሰነዶች ብዙዎቹ ጠፉ። ቀድመው ከወጡት የጦር ሰነዶች የተረፉት በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ ላይ በፌዴራሉ ጦር እጅ ገቡ። በ1878 ዓ.ም. የጦር ሚኒስቴሩ የቀድሞውን የኮንፌዴሬት ጄኔራል ማርከስ ራይትን በየሰው እጅ የቀረውን ወረቀት እንዲያሰባስብ ሾመው። ከ1903 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሚኒስቴሩ ጸሐፊዎች የወታደሩ ስም በተገኘበት መዝገብ ሁሉ እየፈለጉ ቃሉን በካርድ ላይ ገለበጡ፤ የአንዱንም ወታደር ካርዶች በአንድ ፖስታ ውስጥ አኖሩ። ዛሬ በብሔራዊው ቤተ መዛግብት የሚገኘው የአገልግሎት ማኅደር ይኸው ነው።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንረዳለን። ወታደሩ የሚቆጠረው እንደ ደንቡ በየሁለት ወሩ ነበር። ስለሆነም በፖስታው ውስጥ ሁለት ካርዶች ብቻ ቢገኙ፣ ሰውዬው አራት ወር ብቻ አገለገለ ማለት ሳይሆን፣ ስሙ ያለባቸው ሁለት መዝገቦች ብቻ ከጥፋት ተረፉ ማለት ሊሆን ይችላል። እኛ መሐንዲሶች እንደምናውቀው፣ የአሮጌ ድልድይ ንድፍ ቢጠፋ በሲሚንቶው ውስጥ ብረት የለም ማለት አይደለም፤ ብረት አለ ለማለትም ማስረጃ አይሆንም።

የፈረሰኛው ጉዳይ ከእግረኛው ይልቅ የተወሳሰበ ነው። በኮንፌዴሬቱ ሠራዊት ፈረሰኛ ፈረሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ለፈረሱም አገልግሎት በቀን 40 ሳንቲም ይታሰብለታል። ፈረሱ ሲመዘገብ ዋጋው ይገመታል። በውጊያ ቢገደል ግምቱ ይከፈለዋል፤ በበሽታ ወይም በድካም ቢሞት ግን ኪሳራው የባለቤቱ ነው። ሌላ ፈረስ ለማምጣት ወደ አገሩ የተላከ ሰው በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይገኛል፤ ምትክ ያጣውም ወደ እግረኛ ጦር ሊዛወር ይችላል። ከፈረሰኛው መዝገብ ስሙ የጠፋውን ሰው ሁሉ ከጦር የከዳ ነው ብሎ መፍረድ እንግዲህ ስሕተት ነው። በተጨማሪም በ1862 ዓ.ም. ሕግ የተቋቋሙት የደፈጣ ተዋጊ ጓዶች ሕጉ በ1864 ዓ.ም. ሲሻር አብዛኞቹ ወደ መደበኛው ጦር ተቀላቀሉ፤ አንዱ ጓድም አንድ ጊዜ በቁጥር፣ ሌላ ጊዜ በአዛዡ ስም ይጠራ ስለ ነበር፣ ያው ሰው በሁለት ስፍራ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል።

የመጨረሻው ቀንም እንዲሁ አሳሳች ነው። በኤፕሪል 9 ቀን 1865 ዓ.ም. ጄኔራል ሊ በአፖማቶክስ እጁን ሲሰጥ፣ ዳግመኛ ላለመዋጋት ቃል ገብተው የተለቀቁት ወደ 28,000 የሚጠጉ ናቸው። ይሁን እንጂ በፊትዝሂው ሊ የሚመራው ፈረሰኛ አብዛኛው ቀድሞ ሰብሮ ወጥቶ ስለ ነበር፣ ከዚያ ዝርዝር መጉደል ሞትንም ክዳትንም አያስረዳም።

ክፍተቱን ከሚሞሉት ሰነዶች አንዱ የጡረታ ማመልከቻ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በዚያ ዘመን ለእነዚህ ወታደሮች ጡረታ ስላልከፈለ፣ ቨርጂኒያ በ1888፣ ቴነሲ በ1891፣ ቴክሳስ በ1899 ዓ.ም. የየራሳቸውን ጡረታ ደነገጉ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለዘመተበት ሳይሆን ለሚኖርበት ግዛት በመሆኑ፣ ከቴነሲ ዘምቶ ቴክሳስ ያረጀ ሰው የሚፈለገው በቴክሳስ ነው። ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ገንዘብ ለማግኘት የተሰጠ ቃል ስለሆነ ከሌላ ማስረጃ ጋር መመዛዘን አለበት።

በዚያው ቤተ መዛግብት ሌላም መዝገብ አለ፤ ይኸውም ለምሽግና ለሌላ የጦር ሥራ የተሰማሩት ባሮች የደመወዝ ዝርዝር ነው። ብዙውን ጊዜ የጌታው ስም ከነቤተ ሰብ ስሙ ይጻፋል፤ የሠራተኛው ግን የመጠሪያ ስሙ ብቻ ነው። ደመወዙንም የሚቀበለው ጌታው ነው። በሕገ መንግሥቱ የባርያ ባለቤትነትን ለጠበቀ መንግሥት የተዋጋው ፈረሰኛ የፈረሱ ዋጋ ሳይቀር ተጽፎለት ሳለ፣ ምሽጉን የቆፈረው ሰው ዘሮች ግን አንዲት ስም ይዘው ይቀራሉ። የቅድመ አያቱን ፖስታ ያገኘ ሰው ይህንም ዝርዝር ሊያገላብጥ ይገባዋል። ለልጆቹ የሚያስተላልፈውንም ሲጽፍ በሰነድ የተረጋገጠውን፣ በግምት የተገኘውንና በቤተ ሰብ አፍ ብቻ የተነገረውን ለይቶ ያስቀምጥ።