ለሥራ የተወለደ፣ ለዕይታ የተመረጠ፦ የውሻ ዘር ታሪክ ከጉለሌ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት ወይም ስለ መሬት ሥሪት አይደለም፤ ስለ ውሻ ነው። ይሁንና አንድን ፍጡር «ዘር ያለው» ሌላውን «ዘር የሌለው» ብሎ የመለየት ልማድ ከየት መጣ፣ ማንን ጠቀመ፣ ማንንስ ጎዳ ብሎ መጠየቅ የታሪክ ሥራ ነው። ዘር የሚለው ቃል በሀገራችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ቡችላ በክንዳቸው ታቅፈው ለባለ መኪና የሚያሳዩ ወጣቶችን ሁላችሁም አይታችኋል። ሻጩ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ቡችላው ጠባይ አይደለም፤ «ጀርመን ነው» ይላል። ግማሽ ከሆነ «ክልስ ነው» ይላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። የአበሻ ውሻ ከሆነ ግን ቀድሞውንም መንገድ ዳር ለሽያጭ አይቀርብም፤ ከጎረቤት በነጻ ይወሰዳል። እናቱ በጨለማ ጅብ ስትመልስ የኖረች ብትሆንም እንኳ ይህ በዋጋው ላይ አይታሰብም። ገዢው የሚከፍለው ለጆሮ መቆም፣ ለጀርባ ጥቁረትና ለስም ነው።

ይህ አመዛዘን ጥንታዊ አይደለም። የሚታወቅበት የልደት ዘመንና ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1859 በእንግሊዝ ሀገር በኒውካስል ከተማ የመጀመሪያው ዘመናዊ የውሻ ትርዒት ሲካሄድ የቀረቡት 60 ያህል ውሾች ሁሉም የአደን ውሾች ነበሩ። ሽልማቱም ጠመንጃ ነበር፤ ይህም ጉዳዩ ገና ከሥራው እንዳልተለየ ያሳያል። ነገር ግን ዳኞቹ ውሻው ወፍ ሲያሸት አላዩም፤ ቆሞ አዩት። ስለዚያ ትርዒት የሚነገር አንድ ወግ አለ፦ የአንዱን ዓይነት ውሾች የዳኘው ሰው በሌላው ዓይነት ውድድር አሸናፊ ሆነ፤ የሌላውም ዳኛ እንደዚሁ። የዳኝነትን ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1873 የእንግሊዝ የውሻ ክበብ ተቋቋመ፤ የዘር መዝገብም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ውሻ ማለት አባትና እናቱ በወረቀት የተጻፈለት ማለት ሆነ።

በጉለሌ ግቢዎች በር ላይ ስሙ በብዛት የሚጠራው የጀርመን እረኛ ውሻ ታሪክ ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በጀርመን ፊላክስ የሚባል ማኅበር ተመሠረተ፤ ሦስት ዓመት ሳይዘልቅ ፈረሰ። አባላቱን ካጣላቸው ነገር ዋናው ውሻው ለሥራ ይራባ ወይስ ለመልክ የሚለው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የፈረሰኛ ጦር መኮንኑ ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ ለሥራ ብሎ የቆረጠ ሰው ነበር። መልክ የሥራ ውጤት ይሁን እንጂ የሥራ ተተኪ አይሁን የሚል አቋም ነበረው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1899 የመጀመሪያውን የመዝገብ ውሻ ያገኘው የት ነበር? በትርዒት ሜዳ ላይ። ሄክቶር የተባለውን ያን ውሻ ገዝቶ ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ስሙን ቀየረው፤ በመዝገቡም ቁጥር 1 አድርጎ አስገባው። ሥራን ከመልክ ያስበልጥ የነበረ ሰው መሠረቱን በዕይታ መጀመሩ የሚያስገርም ነው፤ ግብዝነት ግን አይመስለኝም። ሁለቱ ነገሮች ገና ስላልተለያዩ ሊሆን ይችላል።

ከ26 ዓመት በኋላ ግን ተለያይተው ነበር። ውሾቹ እየረዘሙና ወደ አራት ማዕዘንነት እየተለወጡ ሲሄዱ ስቴፋኒትስ እ.ኤ.አ. በ1925 ክሎዶ ፎም ቦክስበርግ የተባለውን ዝቅ ያለና ረዘም ያለ አካል ያለው ውሻ አሸናፊ አደረገው። ጥፋትን ለማረም የተሰጠ ፍርድ ነበር፤ እርማቱ ግን ራሱ አዲስ የመልክ ፋሽን ወለደ። አርቢዎች ሁሉ ወደ አሸናፊው ዘር ሮጡ። አንድ ወንድ ውሻ ብዙ ሲወልድ መልካሙ ብቻ አይደለም የሚባዛው፤ የተደበቀው ደዌም አብሮ ይባዛል። ከዚያ በኋላ በትርዒቱ መስመር ጀርባው ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ውሻ እየበዛ ሄደ፤ ፖሊስና ወታደር የሚፈልጉት ቀጥ ያለ ጀርባ ያለው ደግሞ በሌላ መስመር ቀጠለ። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመ ሰው የአንድ ዘር ናቸው ቢሉት ይጠራጠራል። በጀርመን ማኅበሩ ለመራባት የሥራ ፈተና ማለፍን ስለሚጠይቅ ክፍተቱ በመጠኑ ተገድቧል፤ ይህን በማይጠይቁ ሀገሮች ግን ሰፍቷል።

የበግ እረኛው ቦርደር ኮሊ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር እ.ኤ.አ. በ1893 የተወለደው ኦልድ ሄምፕ የዘሩ አባት ሲባል የሚመሰገነው በመልኩ አይደለም፤ በጎችን ሳይጮህና ሳይነክስ በዓይኑ ብቻ ይነዳ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የእረኛ ውሾች ማኅበር እጅግ የምወደው አንድ ደንብ አለው፤ የዘር ሐረጉ የማይታወቅ ውሻ እንኳ በሥራው ከተመሰከረለት በመዝገቡ ሊገባ ይችላል። ማለትም ሥራ ወረቀትን ይፈጥራል እንጂ ወረቀት ሥራን አይፈጥርም። የአሜሪካ የውሻ ክበብ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ዘር በትርዒት መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ሲቀበል አጥብቀው የተቃወሙት የእረኛ ውሻ ባለቤቶች ራሳቸው ነበሩ። ክብር ቀረበላቸው፤ እነርሱ ግን አልፈለጉትም፤ የጀርመኑን ውሻ ታሪክ አይተዋልና።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አማርኛ ስለ ፈረስና በቅሎ ሲናገር አንደበቱ ይፈታል፦ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ ሰጋር በቅሎ፣ የጭነት አጋሰስ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። ለፈረስ ክብርና ሥራ አንድ ነበሩ፤ በበዓል ቀን በጌጥ ታይቶ የሚወደሰው ፈረስ በዘመቻ የሚጋለበው ነበር። ከዚህ ዝቅ ያለው አጋሰሱ ነው፤ ስሙ ዛሬም ለስድብ ያገለግላል። ለውሻ ግን ውሻና ቡችላ ከማለት ብዙ አናልፍም። ምሳሌያዊ ንግግራችንም «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ሲል የሚናገረው ስለ ታማኝነትና ስለ ሥራ ነው፤ ስለ መልኩ አንዳች አይልም። ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ ብዙ ጊዜም ቤት ውስጥ አያድርም። ደጅ ያድራል፤ ደጁን ይጠብቃል። እንግዲህ ለትርዒት የሚራባ ውሻ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በቤተ መንግሥት ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ቺዋዋ ሉሉ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ የመቃብር ድንጋይ ቆሞላታል፤ የዘመኑን ለውጥ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትንሽ ሐውልት አላውቅም።

ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከተማው ሳይቆረቆር በፊት በዚያ ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ከእንጦጦ ተዳፋት ከብት ይሰማራበት የነበረው ምድር ከተማ ሲሆን ውሻውም ከመንጋ ጠባቂነት ወደ አጥር ጠባቂነት ተዛወረ፤ ጅቡ ግን አልተዛወረም፤ ዛሬም በሌሊት ይወርዳል። ይህን ውሻ ማንም ሰው በመዝገብ አልመረጠውም። የመረጠው ረሀብ፣ ብርድና ጅብ ነው። ይህን ስል ላሞግሰው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ጨካኝ ነው፤ ብዙው ቡችላ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። የአበሻ ውሻ ጤናማ ነው ሲባል በሕይወት የተረፈውን እያየን መሆኑን አንርሳ።

በዚሁ በጉለሌ የውሻ ታሪክ ሌላው ገጽ ተጽፏል። በ1940ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተቋቋመውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር የሚለው ተቋም፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የእብድ ውሻ በሽታን ሲመረምርና ክትባት ሲያመርት ኖሯል። የቀድሞው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ የተነከሰ ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ይወጋ ነበር። በጉን የሚጠብቀው ውሻ ሲያብድ በጉ መድኃኒት ሆኖ ይመጣል፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቀልድ ይቀልዳል። ከተማው በበኩሉ ለረጅም ጊዜ የመንገድ ውሾችን ስትሪክኒን በተባለ መርዝ ሲገድል ቆይቷል።

የዘር ጉዳይ ሕይወትና ሞት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መርዙ የሚጣለው «ባለቤት የለውም» ለተባለው ውሻ ነው፤ ባለቤት የለውም የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ መልኩን በማየት ነው። ቀን መንገድ ላይ የሚታየው የአበሻ ውሻ ማታ የአንድ ግቢ ዘብ ሊሆን ይችላል። «ጀርመኑ» ግን በሰንሰለት ታስሮ በግቢው ይከተባል። በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 ከመቶ ያህሉ የሚነከሱት በውሻ ነው፤ ስርጭቱን ለመግታትም ከውሾች 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ያስፈልጋል። ዘር አለው የተባለውን ብቻ እየከተቡ ወደዚያ ቁጥር መድረስ አይቻልም።

የመዝገብ ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ነው፤ ውሻ የሚወዱ ወጣቶች በዝተዋልና። ለእነርሱ የአፍሪካን አንድ ምሳሌ ላንሣ። ባሰንጂ የተባለው የኮንጎ አዳኝ ውሻ በ1930ዎቹ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ዘሩ ከጥቂት ውሾች ስለተባዛ የኩላሊት ደዌ ተስፋፋበት። የአሜሪካ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 ወደ ኮንጎ ተመልሰው ከመንደር አዳኞች ዘንድ አዳዲስ ውሾች አመጡ፤ የአሜሪካ የውሻ ክበብም እ.ኤ.አ. በ1990 የዘጋውን መዝገብ ከፈተላቸው። ንጹሕ የተባለውን ዘር ያዳነው ወረቀት የሌለው የመንደር ውሻ ነበር።

ስለዚህ በአዲስ አበባ መዝገብ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሐሳቤን ቢጠይቁኝ የምለው ይህን ነው፦ በመጀመሪያው ዓምድ የክትባት ቀን ይጻፍ፤ በሁለተኛው ውሻው ምን እንደሚሠራ፤ አባትና እናቱ ከተገኙ በሦስተኛው ይስፈሩ። የሐረግ ስም የሌለው የጉለሌ ዘብም ሁለቱን ካሟላ ይግባ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።