ያላመመው ምስማር

አጎቴ መካነ ኢየሱስ ገበያ ውለው ማታ ቤት ገቡ። ልጃቸው እግራቸውን ልታጥብ ብላ ጫማቸውን ስትስብ ኮንጎው አልወልቅ አላት። ምስማር ነበር። ሶሉን በስቶ፣ ሥጋ ውስጥ ገብቶ፣ ገበያውን ሁሉ አብሯቸው ዞሯል። "እኔ ምንም አልተሰማኝም እኮ!" አሉ። ቤቱ ሳቀ፤ "ጋሼ ድሮም ጀግና ናቸው" ተባለ። እኔም በስልክ ሲነግሩኝ ስቄያለሁ።

ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ዘጠነኛ ዓመታቸው ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ የቀኝ እግራቸው ሁለት ጣት ተቆረጠ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። እኛ ጋ የሚያስፈራው ጮሆ የሚቆም ሲስተም አይደለም፤ ምንም ስህተት ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን እየተበላሸ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ከጣቶቹ በላይ ያስጨነቀኝ ያ ሳቅ ነበር። "አለማመም ራሱ በሽታው ነው" ብሎ መጀመሪያ የገባው ሰው ማነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መልሱን ያገኘሁት ከስኳር ታሪክ ሳይሆን ከሥጋ ደዌ ታሪክ ውስጥ ነው።

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የስኳር ታማሚ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ ብዙ አይቆይም ነበር። መቆየት ሲመጣ የእግር ቁስል አብሮ በዛ። የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ እግር መበስበስ አደጋ ሲጽፍ፣ ይህ የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነና በንጽሕናና በጥንቃቄ መከላከል እንደሚቻል ተከራክሯል። ግን ጤነኛ የሚመስል እግር ለምን እንደሚቆስል ገና በደንብ አልተብራራም።

እዚህ ላይ ፖል ብራንድ ይመጣል። እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ሕንድ፣ ቬሎር ሄዶ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ማከም ጀመረ። ያኔ ብዙ ሰው የታማሚው ጣት በራሱ ጊዜ በስብሶ የሚረግፍ ይመስለው ነበር (እኛም አገር እንደዚያ ሲባል ነው ያደግነው)። ብራንድ ያየው ሌላ ነው። ሥጋው ደህና ነው፤ የሞተው ነርቩ ነው። ታማሚው የጋለ ድስት ይይዛል፣ በቆሰለ እግር ይራመዳል፣ አያመውም፤ ስለዚህ አያቆምም።

ጫማችሁ ውስጥ ጠጠር ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ገና ሳታስቡት ታነክሳላችሁ። ክብደታችሁ ወደ ሌላው የእግራችሁ ጎን ይሸሻል። ማነከስ ሕክምና ነው፤ ሰውነት በነጻ የሚሰጠን። የደነዘዘ እግር ግን አያነክስም። ያችኑ አንዲት ቦታ በሺህ እርምጃ ይቀጠቅጣታል፤ መጀመሪያ ቆዳው ይደነድናል፣ ከሥሩ ደም ይቋጥራል፣ ከዚያ ይፈነዳል። መድኃኒቱም ከዚህ ይነሳል፦ ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ማንሳት። ለዚህ ነው ብራንድና ጓደኞቹ ከእግር ጋር ልክክ የሚል ጀሶ ይጠቀሙ የነበረው፤ ጀሶው ጫናውን በመላ እግሩ ላይ ይበትነዋል። ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ፣ ካርቪል ወደሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲዛወር ይህ ዕውቀት ወደ ስኳር ታማሚዎች ተሻገረ።

ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ አለርት ተቋቁሟል። ከመላ አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎች ሥጋ ደዌን ማከም ይማሩበት ነበር፤ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራበት ወርክሾፕም ነበረው። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ዕውቀቱ ከውጭ እስኪመጣ የምንጠብቀው አልነበረም ማለት ነው፤ አገራችን ውስጥ ነበር፤ ግን በሌላ በሽታ ስም በተከፈተ ፋይል።

ምክንያቱም አጎቴ መጀመሪያ የታከሙበት ቦታ ቁስሉን አጥቦ፣ በፋሻ አሽጎ፣ ኪኒን ሰጥቶ ነው የሸኛቸው። አትራመዱ ያላቸው የለም። ጊዜው ኅዳር ነው፣ ገብሱ ደርሷል። ወደ አጨዳቸው ሄዱ። ቢነገራቸውስ ይቀሩ ነበር ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። ግን የፋሻው ንጣት እንዳዳናቸው ነው ያመኑት።

ታሪኩ ወደ ጎንደር የሚመጣበት መንገድ ደግሞ አለ። ለንደን፣ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 ለስኳር ታማሚዎች እግር ብቻ የሚሆን ክሊኒክ ተከፈተ። ሐኪም፣ ነርስ፣ የእግር ባለሙያና ጫማ ሠሪ አንድ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። የሚቆረጠው እግር ቀነሰ። ማይክል ኤድመንድስና ፒተር ዋትኪንስ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1986 አሳተሙ። ይኸው ዋትኪንስ ከጎንደሯ ሐኪም ከሽታዬ ዓለሙና ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 በሰሜን ኢትዮጵያ የስኳር ሕክምና ስለማግኘት ጽፏል። የእግሩ ክሊኒክ ሰው እዚህ ሲመጣ የጻፈው ስለ እግር ሳይሆን ሕክምናው ጋ ስለ መድረስ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

የጎንደር ሐኪሞች መልስ ታማሚውን ወደ ከተማ መጥራት አልነበረም፤ ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርደው ለሠለጠኑ ነርሶች መስጠት ነው። ኮሌጁ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ደንቢያን በፈጀ የወባ ወረርሽኝ ማግስት፣ የገጠር ጤና ባለሙያ ለማፍራት ነበርና ሐሳቡ ባዕድ አልነበረም።

ወደ እስቴ ልመለስ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ቀላል አይደለም፤ ማታ ሁሉም እግሩን ወደ ምድጃው ይዘረጋል። ለደነዘዘ እግር ይህ ከምስማሩ አይተናነስም፤ ቃጠሎውን የሚያውቁት ቆዳው ሲላጥ ነው። በሌላ በኩል የታላቅን እግር ማጠብ የቆየ ልማድ አለን። በየማታው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እግር ይይዛል። ከዚህ የተሻለ የምርመራ ሰዓት ከየት ይመጣል? ለአጎቴ ልጅ የነገርኳት ጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ የውሃውን ሙቀት በራስሽ ክርን ለኪ፣ በጣቶቹ መሃል አድርቂ፣ መርገጫውን በስልክ መብራት እይ፣ ጠዋት ኮንጎውን ሳያጠልቁ ገልብጠሽ አራግፊ፣ ጥቁር ወይም እርጥብ ነገር ካየሽ ሳታድሪ ውሰጃቸው።

አንድ ሌላም አሳየኋት። እንግሊዝ፣ ኢፕስዊች ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው፦ ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ የአውራ ጣቱን፣ የመሃለኛውንና የትንሿን ጫፍ በሁለቱም እግር በጣትሽ ለአንድ ሁለት ሰኮንድ ቀስ ብለሽ ትነኪያለሽ፤ ሲሰማው ይናገራል። ከስድስቱ ሁለት ካመለጠው እግሩ አደጋ ላይ ነው።

በፋሲካ ስሄድ በግራ እግራቸው ሞከርነው። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ልጅቷ አውራ ጣቱን ነካች። ጸጥ። መሃለኛውን ነካች። ትንሿን ነካች፣ ቀና ብላም አየችኝ።

"እንዴ፣ አልጀመርሽም?" አሉ።