አልጄሪያ የማትጠጣው ወይን ጠጅ

ብዙው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ አፍሪካዊት አገር በዓለም አንደኛ የወይን ጠጅ ላኪ ነበረች ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? አልጄሪያ ናት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ፊሎክሴራ የተባለች ሥር መጣጭ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ፈጀችው። ፈረንሳውያኑ ሰፋሪዎች በኦራን በኩል ያለውን ሞቃት የባሕር ዳር መሬት (የማን መሬት እንደነበር አትጠይቁን!) ካሪኛንና ሲንሶ ተከሉበት። ጠቆር ያለው ኃይለኛ ቀይ ወይን በመርከብ ተሻግሮ የደቡብ ፈረንሳይን ስስ ወይን ማወፈሪያ ሆነ። ጠርሙሱ ላይ ግን የአልጄሪያ ስም ብዙም አይታይም ነበር።

በ1962 እ.ኤ.አ. ነጻነት መጣ፤ ከዚያም ፈረንሳይ ግዢውን በእጅጉ ቀነሰች፤ ሶቭየት ኅብረት በርካሽ ተረከበች። በ1970ዎቹ መንግሥት ወይኑን በሰፊው አስነቀለ። የቅኝ ግዛት ትዝታ ነውና ይነቀል ማለት ይገባናል። ነገር ግን ወይን ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ በምትኩ የሚዘራው ስንዴ አይፈልግም፤ ሥራ ያጣው ደግሞ ሰፋሪው ሳይሆን አልጄሪያዊው ገበሬ ነበር። ከመነቀል የተረፉት ያረጁ ግንዶች በማስካራና በትለምሴን ኮረብቶች ላይ ቀሩ።