ሄካቴና ሄልቦይ፤ ከአምላክነት ወደ ጭራቅነት



ማይክ ሚኞላ እ.ኤ.አ. በ1996 “ዌክ ዘ ዴቭል” በተሰኘው የኮሚክ ታሪኩ፣ ከሲኦል ወገን የሆነውን ሄልቦይን ሮማኒያ ውስጥ ከሄካቴ ጋር ያጋጥመዋል። ሄካቴ እዚያ ግማሽ ሴት፣ ግማሽ እባብ ናት። እኔን የሚገርመኝ ከጥንቷ ሄካቴ የራቀችበት ርቀት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ የነበረው ሄሲዮድ፣ ዜውስ ከሁሉ አብልጦ ያከበራት፣ ከምድርም ከባሕርም ከሰማይም ድርሻ ያላት፣ ሕፃናትን የምታሳድግ አምላክ አድርጎ ያወድሳታል። የመስቀለኛ መንገድ፣ የመናፍስትና የአስማት እመቤትነቷ የጎላው ኋላ ነው፤ በ431 ዓመተ ዓለም የቀረበችው የዩሪፒዲስ ሜዲያ፣ መርዝ ቀማሚዋ፣ የምትምለው በሄካቴ ነው።

ሚኞላ የወረሰው ይህንን ኋለኛ መልክ ነው። ይህን ከስሕተት አልቆጥርበትም፤ ግሪኮች ራሳቸው የጀመሩትን ነው የቀጠለው። የእርሱ የራሱ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ሄራክሊስ ሃይድራን ሲገጥም ጠላቱ ባዕድ አውሬ ነበር። ሄልቦይ ግን ለዓለም ጥፋት የተወለደ ፍጡር ስለሆነ፣ ሄካቴ የምታነጋግረው እንደ ወገኗ ነው። የተቆረጡት ቀንዶቹ ዳግም ያድጋሉ፤ እርሱም በገዛ እጁ ይሰብራቸዋል። ጉቶዎቹ ግን ግንባሩ ላይ ይቀራሉ።