ጥምር ግራፊክስ በሊኑክስ ላፕቶፖች

ጥምር ግራፊክስ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉ ሁለት የግራፊክስ ቺፖች ሥራ የሚከፋፈሉበት ስልት ነው። አንደኛው ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር አብሮ የተሠራ፣ ባትሪ ቆጣቢ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ቺፕ ነው። ሁለተኛው የራሱ ሜሞሪ ያለው፣ ለጌም፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለከባድ ስሌት የሚያገለግል ራሱን የቻለ ካርድ ሲሆን በብዛት የሚገኘው የኤንቪዲያ ምርት ነው። ዊንዶውስ ላይ ክፍፍሉ ተጠቃሚው ሳያስተውለው ይከናወናል። ሊኑክስ ላይ ግን ለአሥር ዓመት ገደማ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ያስቸግራል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አወቃቀር

ቀደምት ባለሁለት ቺፕ ላፕቶፖች የስክሪኑን መስመር ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው የሚያዞር መቀያየሪያ ነበራቸው። ኤንቪዲያ በ2010 መጀመሪያ ላይ ኦፕቲመስ የተባለውን ቴክኖሎጂ ሲያወጣ ይህን መቀያየሪያ አስቀረው። በተለመደው የኦፕቲመስ ላፕቶፕ የስክሪኑ መስመር የሚገናኘው ከትንሹ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ከተሠራው ቺፕ ጋር ብቻ ነው። ትልቁ ካርድ ምስሉን ሠርቶ ያለቀለትን ወደ ዋናው ሜሞሪ ይገለብጣል፤ ትንሹ ቺፕ ከዚያ አንሥቶ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ትልቁ ካርድ ጓዳ ሆኖ ወጡን ይሠራል እንጂ እንግዳ ፊት አይቀርብም።

ሊኑክስ ላይ «ካርዴ አይሠራም» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ አሳሳች የሆነው ለዚህ ነው። ካርዱ መሥራቱን ይችላል፤ የሠራውን የሚቀበለው ነው የጠፋው። በዘመኑ ስክሪኑን ያስተዳድር የነበረው ኤክስ ሰርቨር፣ ምስል የሚሠራውና የሚያሳየው ያው አንድ ድራይቨር ነው በሚል እሳቤ የተጻፈ ነበር። ኦፕቲመስ ደግሞ የሁለት ኩባንያ ድራይቨሮች በአንድ ሜሞሪ ላይ እንዲገናኙ ይጠይቃል። የኢንቴሉ ድራይቨር ኮዱ ክፍት ሆኖ ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት አካል ሲሆን፣ የኤንቪዲያው ዝግና ከከርነሉ ውጭ የሚኖር ነበር።

ባምብልቢና የፈቃድ ሙግት

የሬድ ሃት ኩባንያ ፕሮግራመር ዴቭ ኤርሊ በ2010 መቀያየሪያ ላላቸው ላፕቶፖች የሚሆን ኮድ በከርነል 2.6.34 አስገባ። በዚያው ዓመት ሥራን ከካርድ ወደ ካርድ የሚያሻግር ዘዴም ሞክሮ ፕራይም አለው። ኦፕቲመስ ፕራይም የትራንስፎርመርስ ሮቦቶች አለቃ ነውና ስያሜው ኤንቪዲያ ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው።

ቀልዱ በዚያ አላበቃም። በ2011 ማርቲን ዩል የተባለ ፕሮግራመር ባምብልቢን አወጣ፤ ይህም የሌላ ሮቦት ስም ነው። ዘዴው ዙሪያ ጥምጥም ነበር፦ ለኤንቪዲያው ካርድ ሁለተኛ፣ ዓይን የማያየው ኤክስ ሰርቨር ይነሣለታል፤ የተመረጠው ፕሮግራም ምስሉን እዚያ ይሠራል፤ ቨርቹዋልጂኤል የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ እያንዳንዱን ምስል እየቀዳ ወደሚታየው ስክሪን ያመጣዋል። ቅጂው ፍጥነት ይበላ ነበር። ያም ሆኖ ካርዱ ሥራ ሲፈታ ኃይሉን ማጥፋት መቻሉ ብቻ ለብዙ ሰው በቂ ምክንያት ነበር።

ባምብልቢ የሚታወስበት ሌላም ነገር አለ። በዚያው 2011 የመጫኛ ስክሪፕቱ ውስጥ አንድ ንዑስ ፎልደር ለማጥፋት በተጻፈ ትእዛዝ መሐል አንዲት ባዶ ቦታ ሾልካ ገባች። የፎልደሩ አድራሻ ለሁለት ተከፈለና ትእዛዙ «ዩኤስአር» የተባለውን፣ የሲስተሙ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሚኖሩበትን ፎልደር የሚደመስስ ሆኖ ቁጭ አለ። ስህተቱ ወዲያው ቢታረምም፣ አንዲት የስፔስ ቁልፍ ምን ልታጠፋ እንደምትችል ለማሳየት እስካሁን ይጠቀሳል።

በ2012 የወጣው ከርነል 3.3 ዲኤምኤ-በፍ የተባለውን፣ ድራይቨሮች ሜሞሪ የሚጋሩበትን የጋራ መንገድ ይዞ መጣ። መንገዱ ግን ለሁሉም አልነበረም፤ ጂፒኤል በተባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ ለወጡ ድራይቨሮች ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የተጻፈው። ኤንቪዲያ ገደቡ እንዲነሣለት ጠየቀ። አላን ኮክስን የመሰሉ ነባር የከርነል ጸሐፊዎች ኮዳችንን በዚህ ፈቃድ የሰጠነው አስበንበት ነው ሲሉ ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኦፕቲመስ ተጠይቆ፣ ኤንቪዲያ ከገጠሙን ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ነው ብሎ ለካሜራው የመሐል ጣቱን አሳይቷል። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ጣቱን ያስታውሳል፤ ጠያቂዋ ያነሣችው የገዛ ላፕቶፗን ጉዳይ እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ኤንቪዲያ በ2013 ባወጣው 319 ድራይቨር የራሱን መውጫ አበጀ፦ ምስሉን ሁሉ ትልቁ ካርድ ይሠራል፣ ትንሹ ያሳያል። ይህ ካርዱን ቀኑን ሙሉ ስለሚያነቃው ባትሪ ይጨርሳል፤ ወደ ቁጠባ ለመመለስም ቢያንስ ከአካውንት ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልግ ነበር። አንድን ፕሮግራም ብቻ ለይቶ ወደ ትልቁ ካርድ መላክ የተቻለው በኦገስት 2019 በወጣው 435.17 ድራይቨር ነው። ያኔ ኦፕቲመስ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር።

ክፍቱ ድራይቨር

ኑቮ የኤንቪዲያን ካርዶች ባሕርይ ከውጭ በማጥናት የተጻፈ ክፍት ድራይቨር ሲሆን ከ2010 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ። ከሁለተኛው የማክስዌል ትውልድ ወዲህ ኤንቪዲያ ካርዱ ያለ ኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ፈርምዌር እንዳይቀበል አደረገ። በዚህ ምክንያት ኑቮ ካርዱን ያስነሣል እንጂ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ተሳነው፤ ካርዱ ኮምፒውተሩ ሲበራ በነበረው ዝግተኛ ፍጥነት ይቀራል። ነገሩ የተለወጠው ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ካርዶቹ ራሳቸውን የሚያስተዳድር አነስተኛ ፕሮሰሰር ስለያዙና ፈርምዌሩም ለሕዝብ ስለተለቀቀ ነው። ኤንቪዲያ በሜይ 2022 የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ ራሱ ከፈተ። ኩዳንና ኦፕንጂኤልን የሚያሠራው ክፍል ግን ዛሬም ዝግ ነው።

ሁለቱም ቺፖቹ የኤኤምዲ ለሆኑ ላፕቶፖች ይህ ሁሉ ታሪክ አይመለከታቸውም ማለት ይቻላል። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ይመጣል፤ ፕሮግራሙን ሲያስነሡ «ዲአርአይ ፕራይም» የተባለውን መለኪያ 1 ማድረግ ይበቃል።

አጫጫን

ኡቡንቱ ላይ ድራይቨሩ «ተጨማሪ ድራይቨሮች» ከሚለው መስኮት፣ ፌዶራ ላይ ደግሞ አርፒኤም ፊውዥን ከተባለው ማከማቻ ይጫናል። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርዶ በእጅ መጫን አይመከርም፤ በዚህ መንገድ የገባ ድራይቨር ከርነሉ ሲታደስ የመሰበር ዕድሉ ሰፊ ነው።

በዚህ ዘመን ጀማሪውን የሚያደናግረው በብዛት ሴኪዩር ቡት ነው። ይህ ጥበቃ ሲበራ ከርነሉ የታወቀ ፊርማ የሌለውን ሞጁል አይጭንም። በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የተገነባ ሞጁል የሚፈረመው እዚያው በተፈጠረ ቁልፍ ስለሆነ፣ ቁልፉ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። በመጫን ላይ ሳለ ኮምፒውተሩ አንድ የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ሪስታርት ሲደረግ ሰማያዊ ገጽ ለጥቂት ሰከንዶች ብቅ ይላል፤ ቁልፉን መዝግብ የሚለውን መርጦ ያንኑ ቃል ማስገባት ነው። ብዙ ሰው ገጹን ስህተት መስሎት ያልፈዋል። ከዚያ ድራይቨሩ «ተጭኗል» እየተባለ ሞጁሉ አይነሣም፣ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የተባለው መፈተሻም ድራይቨሩን ማግኘት አልቻልኩም ይላል። ሰውየው ድራይቨሩን አሥር ጊዜ ቢያጠፋና ቢጭን ለውጥ የለውም፤ የጎደለው የቁልፉ ምዝገባ ነው።

ሁሉም ሲሰምር ጂኖም ዴስክቶፕ ላይ የፕሮግራሙን አይከን በቀኝ ቁልፍ ነክቶ በትልቁ ካርድ አስነሣ ማለት ይቻላል። ኡቡንቱ ፕራይም-ሰሌክት በተባለው ትእዛዝ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ትንሹ ብቻ፣ ትልቁ ብቻ፣ ወይም እንደ አስፈላጊነቱ።

የኃይል ቁጠባ

በኤንቪዲያው ድራይቨር ሥራ የፈታ ካርድ በራሱ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ የሚቋረጠው ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ባሉት ነው። በብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ከትልቁ ካርድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ስክሪን የሰካ ሰው ካርዱ አይተኛለትም። መተኛቱን ለማጣራት ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይን መጠየቅም አያዋጣም፤ መልስ ለመስጠት ካርዱን ይቀሰቅሰዋል። ሳይነካ የሚታየው ከርነሉ ለእያንዳንዱ ካርድ በሚጽፈው የኃይል ሁኔታ ፋይል ላይ ነው።