ደባል፦ የፒያሳ ግቢዎች ስለ ጋራ ኑሮ የሚነግሩን

ለንደን ወይም አምስተርዳም የሄደ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ወሬ ሰምታችኋል። ኪራይ የማይቀመስ ስለሆነ ወጣቱ "ኮሊቪንግ" የሚባል ነገር ይከራያል፦ የራሱ ጠባብ ክፍል፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የሚጋራው ወጥ ቤት፣ የጋራ ሳሎን፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያ። ማስታወቂያው ክፍል ብቻ ሳይሆን "ማኅበረሰብ" ጭምር እንሸጣለን ይላል። ለንደን ኦልድ ኦክ የሚባለው አካባቢ በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሕንፃ 546 ክፍሎች ነበሩት፤ እንደ አዲስ የኑሮ ዘይቤ ነበር የተወራለት። ያቋቋመው ድርጅት ግን በ2021 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ችግር ገጥሞት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ።

የአራዳ ልጅ ይህን ሲሰማ "ይሄማ ደባል ነው" ይላል። እውነቱን ነው። ምኒልክ አደባባይ ላይ ቆማችሁ ዙሪያውን ብታዩ፣ በዚህ አካባቢ ሰው ቤትን፣ ውኃን፣ መፀዳጃንና ቆጣሪን ተጋርቶ ሲኖር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ አብሮ መኖር መቼ ጎረቤት ያደርጋል፣ መቼስ ዝም ብሎ መታጨቅ ይሆናል?

ከመጀመሪያው እንነሳ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። መኳንንቱ ቦታ ይሰጣቸዋል፣ ጌታው መሃል ላይ ግቢውን ይሠራል፣ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው ዙሪያውን ጎጆ ይቀልሳል። ራስ መኰንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ስለዚህ ሀብታምና ድሃ ገና ከጥንቱ በአንድ አጥር ሥር ነበሩ። ይህን ግን እኩልነት ብለን እንዳንሳሳት። ጭሰኛው ጎጆውን የቀለሰው በጌታው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ሲነሳ ጎጆውም ይነሳል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነጋዴውን ሁሉ ሳበ። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና የመኑ ሱቅ ከፈተ፤ ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶች ተሠሩ። ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ቢፈጥርም ለአራዳ ግን "ፒያሳ" የሚለውን ስም ትቶላት ሄደ። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት በወረራው ጊዜ ተነሥቶ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለው ኑሮ ብዙም አልተለወጠም። ባለርስቱ በግቢው ውስጥ የጭቃ ቤት ደርድሮ ያከራያል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሰው አንዷን ክፍል ይዞ ይገባል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ ሌላው ሁሉ ተወረሰ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ከ300 ብር በታች የነበረው ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ትላንት ባለርስቱ በር ላይ እጅ ይነሳ የነበረው ተከራይ በአንድ ቀን የማይነቀል ነዋሪ ሆነ።

ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። የኪራዩን መርከስ ሁሉም ያወራል፤ ከገንዘቡ የበለጠው ግን ጊዜው ነበር። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው የዛሬ ሃያ ዓመትም እዚያው እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ጣጣ ሳይወድ በግድ መፍታት አለበት። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት ሲሆን፣ ምጣድ የምትጥደው ስንት ትክፈል? መፀዳጃውን ዛሬ ማን ያጥባል? ቧንቧው ማታ ሲመጣ ማን ይቀስቅስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መንግሥት ደንብ አላወጣም። ግቢው ራሱ በጭቅጭቅ፣ በኩርፊያና በሽማግሌ አወጣ። እድሩ፣ እቁቡና የጠዋቱ ቡና ተጨመሩበት። የፒያሳ "ፍቅር" የምንለው ነገር አብዛኛው የዚህ ረጅም ድርድር ውጤት ነው።

ሌላም ገጽ አለው። በኪራዩ ማነስ የተነሣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግን የለም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለውም፣ ነዋሪው የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ማውጣት አይፈልግም። የጋራ ሥራው ሸክም የወደቀው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ቀበሌው ቤት አከራይ ብቻ አልነበረም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ቤት ለቤት ፍተሻ ሲካሄድ፣ ማን ቤት ማን ገባ፣ ማን አመሸ የሚለው ወሬ ነፍስ ያስጠፋ ነበር። በስስ ግድግዳ የሚያልፈው የልጆች ሳቅ ብቻ አይደለም። በሩሲያም ከ1917 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ እንግዳ ለእንግዳ ቤተሰቦች ባለ አንድ ወጥ ቤት አፓርታማ ውስጥ እንዲኖሩ ተደርገው ነበር፤ ኮሙናልካ ይሉታል። እዚያም ጎረቤት የሚረዳም የሚያሳጣም ነበር።

"ደባል" የሚባለው ሰው በዚህ መሃል ይገኛል። አዋጁ ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ እንዳያገኝ ከለከለ። ከተማዋ ግን ሰው መቀበሏን አላቆመችም። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ያለው ሰው አንዷን ጥግ በመጋረጃ ወይም በኮምፔንሳቶ ከፍሎ ሌላ ሰው ያስጠጋል። ደባል ውል የለውም፣ ስሙ በቀበሌ መዝገብ በቤት ባለቤትነት አይገኝም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ዓይነት ሽንት ቤት የሚጠቀሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ አንደኛው ሊነቀል የማይችል፣ ሌላኛው ነገ "ልጄ መጣ፣ ልቀቅልኝ" ሊባል የሚችል።

ከዚያ 2016 ዓ.ም. መጣ። የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ግቢዎች ፈረሱ፣ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ። ለቀበሌ ተከራይ ምትክ ቤት ተሰጠ፤ ጎረቤትን ግን ምትክ ሊሰጥበት የሚችል መሥሪያ ቤት የለም። አርባ ዓመት የፈጀው ድርድር በጭነት መኪና አይጫንም።

ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት አራት ሆኖ የሚኖረው ወጣት የደባል ልጅ ነው። ደላላ ያገኝለታል፣ በዓመቱ ኪራይ ሲጨመር ይበተናል፣ እንደገና ሌላ ቦታ ይጀምራል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ውሉ የሚፈረመው በአንድ ሰው ስም ከሆነ፣ የተቀሩት ሁለቱ አሁንም ደባሎች ናቸው።

ስለዚህ ሰሚትም ሆነ በርሊን የጋራ ቤት የምትፈልጉ ሰዎች፣ የፒያሳ ግቢዎች ሦስት ጥያቄ አስቀምጠውላችኋል። ስንት ዓመት እቆያለሁ? ውሉ ላይ የማን ስም አለ? ስንጣላ ማን ይዳኘናል? ሶፋው፣ ዋይፋዩና የጋራ ሳሎኑ ከዚያ በኋላ ይታያሉ። "ማኅበረሰብ" ብሎ የሚያስተዋውቅ አከራይ ካገኛችሁ፣ ከእናንተ በፊት እዚያ ክፍል የነበረው ሰው ስንት ወር እንደቆየ ጠይቁት።